ሳሙና የጮኸበት ዝናብ

አባትየው ውሻውን ሳያስተዋውቅ ልብስ ተቀብሎ አያውቅም። የላውንድሪ ቤቱ ባንኮኒ ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ውሻው ሳሙና ደግሞ ከባንኮኒው ሥር ተጋድሞ መዋል ይወዳል። ደንበኛው ሸሚዙን ከፌስታል እያወጣ ሳለ አንድ እርጥብ አፍንጫ ጉልበቱን ይነካዋል። ሰውየው ክው ይላል፤ አባትየው ይስቃል።

«አይዞህ፣ አይነካም። ለልጆቹ ብዬ ነው ያመጣሁት» ይላል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ። «ኃላፊነት ይማሩበታል፣ ርኅራኄ ይማሩበታል፣ ታማኝነት ይማሩበታል። እኔ ብመክራቸው በዚህ ጆሯቸው ገብቶ በዚያ ይወጣል፤ እሱ ግን ሳይናገር ያስተምራቸዋል።»

ትልቋ ልጁ ይህን ንግግር ከካውያ ክፍሉ ሆና፣ የትራስ ልብስ እያጠፈች ስትሰማው ኖራለች። ዝምተኛ ናት። ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ «አቤት» ማለት አይሆንላትም። ዱሮ አባቷ እንዲህ ሲል ደስ ይላት ነበር። ከአንድ ዝናባማ ቀን ወዲህ ግን «ውሻ ልጆችን ያስተምራል» የሚል ሰው ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። አዎ፣ አስተምሯታል። ያስተማራት ነገር ግን አባቷ በጣቱ ከሚቆጥራቸው ውስጥ የለም።

ለውሻው ስም ያወጣችለት እናትየው ናት። ቡችላ ሆኖ በመጣ ዕለት ልጆቹ ሳፋ ውስጥ ሊያጥቡት ሲሞክሩ ከእጃቸው እየሟለጨ ግቢውን በአረፋ ሞላው። እናትየው ከመዘፍዘፊያው በርሜል ቀና ብላ «ይኼማ ሳሙና ነው፣ የምን ውሻ!» አለች። በዚያው ሳሙና ሆኖ ቀረ።

በዚያ ቤት ሥራ የሌለው የለም። እናት ታጥባለች፣ አባት ይተኩሳል፣ ልጆቹ ከትምህርት መልስ ያጣጥፋሉ። የእናትየው ታናሽ ወንድም ደግሞ ልብስ ያሰጣል፤ ማለትም እንዲያሰጣ ይጠበቃል። ኔትወርክ ነው የሚሉት። ስልኩ የሚሠራው ከግቢው በር ውጭ ያለው ድንጋይ ላይ ሲቆም ብቻ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ድንጋይ አይወርድም። «የት ሄደ?» በተባለ ቁጥር «ኔትወርክ ፍለጋ» ሲባል ሲባል ስሙ ሆኖ ተለጠፈበት። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆቹን ያጫውታል፣ ከረሜላ ይገዛላቸዋል። ትልቋ ልጅ ይህን ታውቃለች፤ ኋላ ላይ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ሳሙናም ሥራ ነበረው፤ ያውም ማንም ያልሰጠው። ቡችላ ሳለ ነጎድጓድ ስለሚፈራ ሰማዩ ገና መጉረምረም ሲጀምር ይጮህ ነበር። እናትየው በጩኸቱ ደንግጣ ስትወጣ ዳመናው ደርሶ ታገኘዋለች። የተሰጣውን ሰብስባ ስትጨርስ ከእጇ ዳቦ ትቆርስለታለች። በዚህ ተግባቡ። ውሎ አድሮ እሱ የዝናቡን ሽታ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እየለየ፣ ከማስጫው ገመድ ሥር ቆሞ፣ ለሌላ ነገር የማይጮኸውን ጩኸት መጮህ ጀመረ፤ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ። ያን ጊዜ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ወደ ገመዱ ይሮጣል። ለእንግዳ አይጮህም፣ ለሌባም አይጮህም። «ይኼ ዘበኛ አይደለም፣ የአየር ትንበያ ነው» ይል ነበር ኔትወርክ ራሱ።

ልጆቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት ጨመሩለት። ደረቅ ልብስ በቅርጫት ወደ ካውያ ክፍል ሲያስገቡ ካልሲ ይወድቅባቸዋል። «አምጣ!» ይሉታል። ሳሙና በጥርሱ ጫፍ ይዞ ከካውያው ጠረጴዛ እግር ሥር ያኖረዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይጠብቃል። ጨዋታ ነው። እናትየው ግን ስታየው «ከወንድሜ እሱ ይሻለኛል» ትላለች፣ ኔትወርክ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

አንድ ቀን ትንሿ ልጅ የአባቷን የሻይ ስኒ ሰበረችና «ሳሙና ነው» አለች። አባትየው ስብርባሪውን አየ፤ ውሻውን አየ፤ ልጁን አየ። አልመታትም።

«ነይ እዚህ። እሱ አፍ አለው? አልሰበርኩም ብሎ ሊከራከርሽ ይችላል?»

ትንሿ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ተንበርከኪና ይቅርታ ጠይቂው።»

እየተነፋረቀች ተንበረከከች። ሳሙና እንባዋን ላሰላት፤ ቤቱ በሳቅ አውካካ። አባትየውም እየሳቀ፣ ግን ጣቱን ቀስሮ «ስሙ፣ ሁላችሁም» አለ። «በዚህ ቤት ያጠፋ ሰው ራሱ ይናገራል። ከተናገረ አይመታም። አፍ በሌለው ማላከክ ግን አልፈልግም።»

ትልቋ ልጅ አልሳቀችም። ይህን ነገር ከሰማችው ምክር ሁሉ አስበልጣ ያዘችው። ሕግ ማለት እንዲህ ነው፣ የማይናገረውንም የሚያስታውስ፣ ብላ አሰበች። አባቷንም እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም።

*

የትልቁ ደንበኛቸው፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ አንሶላዎች በተሰጡበት ቀን አባትየው ልብስ ሊያደርስ ወጥቷል። እናትየው ትንሿን ጥርሷን ልታሳያት ክሊኒክ ወስዳታለች። ትልቋ ትምህርት ቤት ናት። ግቢው ለኔትወርክ ተሰጠ። «ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለው አባትየው ሲወጣ። «የእንግዳ ማረፊያው ዕቃ ነው። ነገ ጠዋት አልጋ ላይ መነጠፍ አለበት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆኛለሁ!» አለ ኔትወርክ።

ትልቋ ልጅ ስትመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ገመዱ ላይ ያሉት አንሶላዎች ውሃ ያንጠባጥባሉ። አባቷ፣ ያደረሰው ልብስ ማንጠልጠያ ገና ከእጁ ሳይወርድ፣ የካውያ ክፍሉ በር ላይ ደርቆ ቆሟል። ከጠረጴዛው እግር ሥር የአንሶላ ክምር አለ። ጠርዛቸው ጭቃ ለብሷል፤ ጥግ ጥጋቸው ላይ የጥርስ ቀዳዳ ይታያል፤ አንደኛው መሃል ለመሃል ተተርትሯል። ሳሙና ከክምሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጅራቱን ወለሉ ላይ ይመታል። ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ዳቦውን ይጠብቃል።

«እኔ ትንሽ ነው ዞር ያልኩት ጋሼ» ይላል ኔትወርክ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ። «ስመለስ እንዲህ ተጫውቶበት አገኘሁት። ዝናቡም ድንገት ነው የወረደው።»

«አልጮኸም?»

ኔትወርክ ስልኩን አየ። «እኔ እንጃ፣ አልሰማሁም።»

ልጅቷ ክምሩ አጠገብ ተንበርክካ እጇን ወደ መሃሉ ሰደደች። ደረቅ ነው። ገመዱ ላይ የቀሩት ጠብ እያሉ፣ እነዚህ መሃላቸው ደረቅ ነው። ሊጫወት የፈለገ ውሻ እግቢው ውስጥ፣ ጭቃው ላይ ይጫወታል እንጂ አንድ በአንድ እየጎተተ ካውያ ጠረጴዛ ሥር አያኖርም። ቀና ስትል ከገመዱ ሥር፣ ሳሙና ሁልጊዜ ቆሞ ከሚጮህበት ቦታ፣ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ውሃ ሞልቶት ከጭቃው ገብቷል። ዞር ብላ የአጎቷን እግር አየች። አንደኛው እግሩ በካልሲ ብቻ ነው። ከሌላው እግሩ ኋላ ሊደብቀው ይሞክራል።

የሆነው ሁሉ ያን ጊዜ ገባት። ጮኾ ነበር። ድንጋዩ ላይ ያለው ሰው «ዝም በል!» ብሎት ነበር። አልሰማ ሲለው ጫማውን አውልቆ ወረወረበት። ሰው እንደማይመጣ ሲያይ ሳሙና የሰውን ሥራ በሚያውቀው መንገድ ሠራው፤ ያስተማሩት ካልሲ ነበር፣ እሱ አንሶላ ሞከረ።

«አባዬ…» አለች።

«አንቺ ደግሞ ዞር በይልኝ!»

«ጮኾ ነበር እኮ። አጎቴ ነው—»

«ዝም በይ አልኩሽ! አሁን ለእንግዳ ማረፊያው ምን እላለሁ? ውሻዬ በላው ልበል?» ሳሙናን በማጅራቱ ይዞ እየጎተተ አወጣው። ውሻው ጅራቱን መቁላት አላቆመም ነበር፤ ጨዋታ መስሎታል። አባትየው ስልኩን አወጣና፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው መጋዘን ዘበኛ ደወለ። ሰውየው ውሻ ሲፈልግ ከርሟል። ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ ገመድ ይዞ ደረሰ።

ሳሙና ሽርሽር መስሎት ከዘበኛው ፊት ፊት ሄደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ብቻ ዞር ብሎ የቀሩትን ፈለገ።

እራት ላይ ትንሿ አለቀሰች። እናትየው «ምናለ እኔን እንኳ ብትጠብቅ?» አለች። አባትየው «እንዲህ ያለ ውሻ ልጅ አያሳድግም» አለና ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ትልቋ ልጅ አልበላችም። ዓይኗን ከአጎቷ ላይ አልነቀለችም።

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አላት ኔትወርክ።

«ጫማህ ደረቀ?» አለችው።

ለሌሎቹ ተራ ጥያቄ ነው። ኔትወርክ ግን የጎረሰውን ዳቦ ማኘክ አቆመ።

*

በቀጣዮቹ ቀናት ንዴቷ እንደ ተረሳ ካውያ ሆነ፤ ላዩ ጸጥ ያለ፣ የነካውን የሚያቃጥል። አባቷ ሲያናግራት «እሺ» ትላለች። ቃላቱን በሆዷ ትደረድራለች፤ ልትናገር ስትነሣ «ዝም በይ አልኩሽ» ያለው ድምፁ ይመጣባትና ወደ ማጣጠፉ ትመለሳለች። በራሷም ትበግናለች። አፍ የሌለው እሱ ነው፤ እኔስ? ትላለች። ኔትወርክ አንድ ሁለቴ ከረሜላ አመጣላት። ሳትከፍተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ለደንበኛ ተሰጠ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከቀኑ ምሳዋ ዳቦ አስተርፋ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ሳሙና ከሲሚንቶ ክምሩ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል። ነጭ ፀጉሩ ዐመድ መስሏል። ሲያያት ሊሮጥ ተነሥቶ ሰንሰለቱ አንቆ መለሰው።

«የአባትሽ ነገር!» አላት ሽማግሌው ዘበኛ ከወንበሩ ሳይነሣ። «ውሻ ነው ያለኝ፣ ዕቃ ነው የሰጠኝ። እንግዳ ሰው አጥሩን ቢዘል ጅራቱን ይቆላለታል። ሰው በሌለበት ደግሞ ተነሥቶ ያብዳል። ዝም እስኪል በዱላ ነው።»

ጀርባው ላይ ፀጉሩ የተመለጠበትን ቦታ አየች። እጇን ስታስጠጋ ሳሙና አጎነበሰ። ከሷ እጅ ሸሽቶ አያውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነው አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣው። ተነሥቶ ቆመና ጮኸ፤ አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ።

«ይኸው! አላልኩሽም?» ዘበኛው ዱላውን አነሣ።

«አይምቱት!» በመካከላቸው ገባች። ድምፁ ከሷ የወጣ አልመሰላትም። «አባባ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው! ለዝናብ ነው የሚጮኸው!»

ዘበኛው ሰማዩን አየ። ከመጋዘኑ በላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። «የታለ ዝናቡ? አንቺም እንደሱ ነሽ?» ብሎ ሳቀ። ገና ስቆ ሳይጨርስ ከተራራው በኩል ነፋስ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀመረ። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ ውሻውን አየ፤ ዱላውንም ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ታዲያ ይኼ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ምን የማሰጣው አለኝ?» አለ። «ሂጂ፣ አባትሽ መጥቶ ይውሰደው። ያለ እሱ ቃል አልሰጥሽም።»

በዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ቤት ስትደርስ ግቢው የእብድ ቤት ሆኗል። ማንም ሳያስጠነቅቃቸው ገመዱ ላይ ያለው ሁሉ ረጥቧል። እናቷ አንሶላ ታቅፋ ትሮጣለች፤ አባቷ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በአንድ ጉልበቱ ወድቋል፤ ኔትወርክ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ትንሿ የትራስ ልብሶቹን ጭንቅላቷ ላይ ከምራ ትጮሃለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን አጣጥፋ አየቻቸው።

«ምን ተገትረሽ ታያለሽ?» አለ አባቷ። «ያዢ እንጂ! ሰው ዝናብ መምጣቱን እንኳ አይናገርም በዚህ ቤት?»

«ማን ይጩህላችሁ?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሚጮኽላችሁን ሰጥታችሁታል። እዚያ እየጮኸ ነው፤ በጮኸ ቁጥር ዘበኛው በዱላ ይመታዋል።» ውሃው ከፀጉሯ ወደ አፏ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። «ያን ቀንም ጮኾ ነበር። አጎቴ ጫማውን ወረወረበት። ሰው አልመጣ ሲለው አንሶላዎቹን ራሱ አስገባ፤ መሃላቸው ደረቅ ነበር። ልነግርህ ስል ዝም በይ አልከኝ።»

«አሁን ይኼ—»

«ስኒ ሲሰበር ትንሿን አንበረከክሃት። አፍ በሌለው ማላከክ የለም አልክ። እሷ የተንበረከከችው ለስኒ ነው። ለሳሙና ማን ይንበርከክ?»

እናትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ፣ እውነት ነው?»

ኔትወርክ የታቀፈውን እርጥብ አንሶላ እንደ ሕፃን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ሰምቼው ነበር» አለ። «ስልክ ላይ ነበርኩ። ይቆማል ብዬ… ከዚያ ደግሞ ጋሼ ሲናደድ ፈራሁ። ውሻ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ ነው።»

አባትየው ተነሥቶ እጁን ሰነዘረ።

«እንዳትመታው» አለች ልጅቷ። አጎቷ አላሳዘናትም፤ ድምጿ ላይ አንዲት ጠብታ ርኅራኄ የለም። «ከተናገረ አይመታም ብለሃል። ሕጉ ያንተ ነው። ሂድና ሳሙናን አምጣው።»

አባትየው እጁን እንደሰነዘረ ለረጅም ጊዜ አያት። ይህችን ልጅ ከዚህ በፊት አይቷት እንደማያውቅ ሁሉ። ከዚያ እጁን አወረደ፤ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ ሳያራግፍ በበሩ ወጣ። ኔትወርክ ተከተለው። ስልኩን ባንኮኒው ላይ ረስቶት ሄደ።

*

ሳሙና ተመለሰ። አባትየው ግቢው መሃል ቁጢጥ ብሎ ራሱን ዳበሰውና «በል እንግዲህ፣ አለፈ» አለው። ኔትወርክ ዳቦ ቆረሰለት፤ ሳሙናም በላ። ጅራቱንም ቆላ። ሁሉም ቀለል አላቸው። «አየሽ? ውሻ ቂም አያውቅም፤ ከሱ ተማሪ» አላት አባቷ።

አለፈ የሚባለው የተመታው ሲናገረው ነው፤ የመታው ምን አግብቶት ነው ለሌላው የሚያሳልፍለት? ይህን በሆዷ ያዘችው። አጎቷ አሁን ስልኩን ካውያ ክፍሉ ውስጥ ትቶ ያሰጣል። አባቷ ይሰማታል፤ እንዲያውም ስትናገር ካውያውን አቁሞ ይሰማታል። ይህን ሁሉ ታያለች። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ይብረድ ብላም አልለመነችውም። የሚጠቅማት መስሎ ይሰማታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ባንኮኒው ላይ አዲስ ደንበኛ ቆሞ ሸሚዙን ያወጣል። እርጥብ አፍንጫ ጉልበቱን ነካው፤ ክው አለ። አባትየው ሳቀ። «አይዞህ፣ አይነካም» አለ ጣቱን አጥፎ። «ለልጆቹ ብዬ ነው…»

ሳሙና ቀና አለ። ከባንኮኒው ሥር ወጥቶ ከገመዱ በታች ሄዶ ቆመ። አፍንጫውን አነሣ፤ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ በሩ አየ፤ ወደ አባትየው አየ፤ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ አፉን ገጠመ። ጀርባው ላይ ፀጉሩ ያልበቀለበት ቦታ ተርገፈገፈ። ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ከትልቋ ልጅ እግር ሥር ቆመ፤ ጉልበቷን በአፍንጫው ገፋ አደረጋት።

ገባት። ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ነው። ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ማንንም ሳትረብሽ፣ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ልታወርደው ትችል ነበር።

የያዘችውን የትራስ ልብስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እጇን በሳሙና ማጅራት ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ ደረቷን ሞላች።

«ዝናብ!»

ደንበኛው ሸሚዙን ጣለ። አባትየው የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ትቶ ሮጠ፤ ኔትወርክ ከበርሜሉ ጀርባ ተፈተለከ፤ እናትየው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ሰማዩ ላይ ገና ምንም የለም። እየሮጡ መለስ ብለው አይዋት፣ ምናልባት ተሳስታ እንደሆነ።

ሁሉም ሰምተዋል። እሷ ግን እንደገና ጮኸች።